አባዬ የሚታከምበት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ

አባዬ በስትሮክ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ እናመላልሰዋለን። ፊዚዮቴራፒስቷ እጇ ይባረክ! የተጨበጡ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየፈታች፣ «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ያንሱልኝ» እያለች ታባብለዋለች። ቅሬታዬ ሌላ ነው። አባዬ የምግብ ፍላጎቱ ተዘጋ፣ እንቅልፍ አጣ፣ «ተዉኝ» ማለት አበዛ። ካርዱ ላይ «አይተባበርም» ብለው ጻፉበት። ስንፍና እኮ አይደለም! ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ከ3ቱ 1ዱን ገደማ ድባቴ ይይዘዋል። ድባቴ የያዘው ሰው ደግሞ እንቅስቃሴውን ለመሥራት ጉልበቱም ፍላጎቱም ይከዳዋል። ሳይካትሪስት ዘንድ የወሰድነው በራሳችን ነው። መድኃኒቱ መሥራት ሲጀምር የሚጨብጣትን ኳስ ራሱ «አምጡልኝ» አለ። ለፊዚዮቴራፒው ዓይናችሁን ሳታሹ ሂዱ። ስለ መንፈሱ ግን ጠያቂ የለም፤ እናንተው ቀድማችሁ አንሱት።