ውሃ ለሚያስገባ ሞተር ጀልባ፦ ሲሊኮን፣ ፖሊዩሪቴን ወይስ ኢፖክሲ?

ትንሽ የፋይበርግላስ ጀልባ ውሃ ማስገባት ሲጀምር ብዙ ሰው ሮጦ የሚገዛው ሲሊኮን ነው፤ ርካሽ ነው፣ በየሱቁም ይገኛል። ከውሃ መስመር በታች ግን አይሆንም። አያያዙ ደካማ ነው፤ ሲላጥ ደግሞ የሚተወው ቅባታማ ቅሪት በኋላ ኢፖክሲም (ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚጠነክር ሙጫ) ቀለምም እንዳይይዝ ያደርጋል። ለመስኮት ጠርዝ ይበቃል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ቀዳዳውን ያግኙት። ጀልባውን አውጥተው ውጪውን ያድርቁ፣ ከዚያ ውስጡን ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይሙሉና የሚንጠባጠብበትን ከውጪ ይፈልጉ። መቶ ሊትር ውሃ መቶ ኪሎ ነውና ሆዱ በደንብ ካልተደገፈ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከሆዱ በፊት የማፍሰሻ ታፖውን፣ የሞተሩን ብሎኖችና የፓምፑን መውጫ ይዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ውሃው በብሎን ዙሪያ ከገባ በቱቦ የሚሸጠውን የፖሊዩሪቴን ማሸጊያ ይግዙ። የስሪኤም (3M) ኩባንያ 5200 የተባለው ማሸጊያ እጅግ ይይዛል፣ ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ ግን ከ5 እስከ 7 ቀን ይፈልጋል፤ እቃውን በኋላ ልንቀል ቢሉም የጀልባውን ቆዳ ይዞ ይነሳል። አንድ ቀን ለሚፈታ ነገር የዚያው ኩባንያ 4200 ይሻላል። ሲያጠብቁ ዳዶውን ያዙሩ እንጂ የብሎኑን ራስ አይንኩ፤ ራሱ ከዞረ ማሸጊያው ይቀደዳል። ፖሊሰልፋይድ የተባለው ሌላ ማሸጊያም ከውሃ በታች ጥሩ ነው፣ ነዳጅም ይችላል፤ አንዳንድ ፕላስቲኮችን ግን ስለሚበላ ከፕላስቲክ እቃ ያርቁት።

ሆዱ ራሱ ከተሰነጠቀ ምርጫው ኢፖክሲ ነው። ሌላው የፋይበርግላስ ሙጫ፣ ፖሊስተር ሬዚን፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ በአሮጌ ፋይበርግላስ ላይ ያለው ትስስር ግን ደካማ ስለሆነ ከውሃ በላይ ላለ ጥገና ይተውት። የስንጥቁን ጠርዝ በሰያፍ ይሞርዱት፦ የሆዱ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየጎኑ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሞርደው በአሴቶን ይጥረጉ፤ እንጨት ወይም ፎም ውስጡ ከረጠበ ግን ሳይደርቅ አይሸፍኑት። በኢፖክሲ ለመለጠፍ የተሸመነ የፋይበርግላስ ጨርቅ ይግዙ፤ ተራው ያልተሸመነ የፋይበር ምንጣፍ ግን ብዙውን ጊዜ ክሮቹን የያዘው ማጣበቂያ የሚሟሟው በፖሊስተር ብቻ ነው። የኢፖክሲ ማጠንከሪያን መጠን በአምራቹ ልክ ይለኩ፣ ለምሳሌ 5 ለ1። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማብዛት ለስላሳ አድርጎ ያስቀረዋል፤ በፖሊስተር የለመደ እጅ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የፖሊስተሩ ማጠንከሪያ መጠን እንደ ሙቀቱ በ1 እና በ2 በመቶ መካከል ከፍና ዝቅ ይላልና።

የፖሊዩሪቴን ቱቦ ከተከፈተ የአየር እርጥበት ያደርቀዋል። ለሁለት ብሎን ትንሹን ቱቦ ይግዙ፣ የማብቂያ ቀኑንም ሱቁ ውስጥ እያሉ ይመልከቱ።