የመርካቶው ሳጥንና የጓዳዬ ሳጥን

ባለፈው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ መርካቶ ወርጄ አንድ ተንቀሳቃሽ የመብራት ሳጥን ገዛሁ። "ፓወር ስቴሽን" ነው የሚሉት። እጀታ አለው፣ ትንሽ ስክሪን አለው፣ ፊቱ ላይ በትልቁ 500 ተጽፎበታል። ሻጩ "እህቴ፣ ይሄ ካለሽ ቆጣሪሽን እርሺው" አለኝ። እኔም እርስት አደረግኩት፤ ለሦስት ቀን።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ሳጥኑን የፈለግሁት ለሁለት ጉዳይ ነበር። አንዱ መብራት ሲሄድ ልጆቹ እንዲያጠኑበት ነው። ሌላው ለጥር ነው። ባለቤቴ የመንዝ ልጅ ነው። በየዓመቱ ከገና በኋላ አማቴን ልንጠይቅ ስንወጣ፣ አንድ ሁለት ሌሊት ጓሳ በሚባለው ደጋ ላይ ድንኳን ተክለን እናድራለን። ድንኳን ውስጥ ሻማ አልወድም። ኩራዝማ ጭራሽ።

በሦስተኛው ቀን መነጽሬን አድርጌ ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩ። ያ 500 የተባለው ለአፍታ ብቻ የሚገፋው ዋት ነው። ሳያቋርጥ የሚችለው 300 ነው። እኔ የምፈልገው ቁጥር ግን ሁለቱም አልነበሩም። ጀሪካን የሚገዛ ሰው የአፉን ስፋት አይጠይቅም፤ ስንት ሊትር ይይዛል ነው የሚለው። የባትሪ ሊትሩ ዋት-ሰዓት ይባላል። እሱ ቁጥር ሳጥኑ ላይ የትም የለም። ያለው "60,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት፣ 3.7 ቮልት" የሚል ነው። 60,000 ሚሊው 60 አምፔር-ሰዓት ነው፤ 60 በ3.7 ሲባዛ 222 ዋት-ሰዓት። በቃ፣ 500 ብዬ የተሸከምኩት ዕቃ 222 ሆኖ ቁጭ።

እሱንም በወሬ አላመንኩም። ጓዳ የቀረች አሮጌ ቢጫ አምፖል ነበረችኝ፤ 60 ዋት። ሳጥኑን ሞልቼ እሷን ሰክቼ ሰዓት ያዝኩ። 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ በርታ ድርግም አለች። 170 ዋት-ሰዓት መሆኑ ነው። የቀረው 50 የት ገባ? የባትሪው ኃይል ወደ 220 ቮልት ሲቀየር የተወሰነው በሙቀት ይባክናል። ጥቂቱን ደግሞ ባትሪው እንዳይጎዳ ሳጥኑ ራሱ ያስቀራል። ይሄ ስርቆት አይደለም፤ የትኛውም ሳጥን ላይ አለ። ፓወር ባንክ የምትገዙም ይህቺን ስሌት ያዙልኝ፤ 20,000 የሚለው 74 ዋት-ሰዓት ነው፤ ስልካችሁ ጋ የሚደርሰው ከዚያም ያንሳል።

ልወቅሰው ብቻ አልተነሳሁም። 3 ኪሎ አይሞላም። ድምፁ አይሰማም። 9 ዋት የምትበላ ኤልኢዲ አምፖል ሰክተን ልጆቹ ሦስት ምሽት አጥንተውበታል። ዋይፋዩንም ይይዛል። ገዝቶ በዚያው ቀን መጠቀም ለሚፈልግ፣ ሽቦ ሲያይ ለሚፈራ ሰው፣ ይሆናል። እኔ ግን ሽቦ አልፈራም። አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ የራሴን ለመሥራት ተነሳሁ። የመጀመሪያው ሙከራ አያኮራም። ለሳጥን ብዬ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ወሰድኩ። የባትሪው የማይነስ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ተልጦ ቆርቆሮውን ነክቶ ኖሯል፤ አላየሁም። ብሎን ሳጠብቅ ካቻቢቴው ከፕላሱ ተንሸራቶ የቆርቆሮውን ጠርዝ ነካ። ጧ! አለ። ባለቤቴ ከሳሎን ሮጦ መጣ። የካቻቢቴው ጫፍ ላይ ምስር የምታህል ጉድጓድ ቀርታለች። አልጣልኩትም። ክፍል ይዤው እገባለሁ፤ ስለ አጭር ዙር ከማስተምረው ሁሉ ተማሪዎቼ የሚያስታውሱት እሱን ነው።

ከዚያ ወዲያ ኮምፔርሳቶ ሆነ። ጎረቤታችን አናጢ ናቸው። ጋሼ ቁርጥራጭ ሰብስበው ገጠሙልኝ፤ እጀታውን ከአሮጌ የኮርቻ ጠፍር ሠሩት። እውነቴን ነው፣ ከዕቃው ሁሉ ሰው የሚያደንቀው እጀታውን ነው።

ውስጡ ይሄን ይመስላል። አራት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት፣ 50 አምፔር-ሰዓት። በተከታታይ ሲታሰሩ 12.8 ቮልት ይሰጣሉ። በ50 ሲባዛ 640 ዋት-ሰዓት። ለምን የመኪና ባትሪ አልሆነም? ርካሽ ነው፤ ግን ከግማሽ በታች ደጋግማችሁ ካወረዳችሁት ቶሎ ይሞታል። ክብደቱም ለወገብ አይሆንም። ይሄኛው በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ቢሞላ ቢራገፍ ይችላል፤ ከሌሎቹ ሊቲየሞችም ይልቅ እሳት አይቀናውም።

ሴሎቹን ከማሰሬ በፊት በቴስተር ለካሁ። ሦስቱ 3.29 ሲሉ አንዱ 3.21 አለኝ። እንዲያው ቢታሰሩ አንዱ ቀድሞ ይሞላና ሌሎቹ ሳይጠግቡ ቻርጁ ይቆረጣል። ስለዚህ ፕላስን ከፕላስ፣ ማይነስን ከማይነስ አገናኝቼ፣ ቮልቱ በሚስተካከል ቻርጀር እስከ 3.65 ድረስ ቀስ ብዬ ሞላኋቸው። ቀንና ሌሊት ፈጀ። ብዙ ሰው ይህችን ደረጃ ይዘላል፤ ከዚያ "ሴሉ ፎርጅድ ነው" ይላል።

ቆራጩ ቢኤምኤስ የሚሏት ትንሽ ሰሌዳ ናት። ሲሞላ ትቆርጣለች፣ ሲያልቅ ትቆርጣለች፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ ሲወርድም ቻርጁን ትከለክላለች። ይህቺ የመጨረሻዋ ሥራዋ ሁሉም ላይ የለችም። ለቆላ ሰው ግድ አይሰጠውም፤ ለእኛ አገር ግን ጠይቃችሁ ግዙ።

ፊውዝ ላይ ማንም አይቆጥብ። የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ኢንቨርተር ይባላል፤ የእኔው 300 ዋት ነው። 300 ዋት በ12.8 ቮልት ሲሳብ ብክነቱ ተጨምሮ ወደ 26 አምፔር ይጠጋል። ከመኪና መለዋወጫ ቤት የ40 አምፔር ፊውዝ ገዝቼ ከፕላሱ አንድ ስንዝር ሳይርቅ አስገባሁ። ሽቦው ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ለቤት መብራት የሚዘረጋውን ባለ 1.5 እዚህ ብታስገቡት መጀመሪያ ይግላል፣ ቀጥሎ ይሸታል፣ ከዚያ ያለውን አታዩት።

ዋጋ አልጽፍም፤ እስክታነቡት ይቀየራል። ለሁለቱ ያወጣሁት ግን ተቀራራቢ ነው፤ የእኔው ጥቂት ይበልጣል። በዋት-ሰዓት ሲካፈል የእኔው ከተገዛው ግማሽ በታች ይወድቃል። ጉልበቴን አልቆጠርኩም። አራት ቅዳሜ ነው።

ያችኑ ቢጫ አምፖል ሰካሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በርታ፣ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ጠፋች። 555 ዋት-ሰዓት። ያን ቀን ቡና ሦስት ጊዜ ፈላ፤ ጎረቤት እየመጣ "እስካሁን አልጠፋችም?" ይላል።

ጥር ላይ ሁለቱንም ጭነን ወጣን። ጣርማ በር ላይ ከዋናው አስፋልት ተገንጥለን ወደ መንዝ ስንዞር፣ ልጆቹ ሳጥኑን ማን እንደሚያቅፍ ይጣላሉ። የኔው 8 ኪሎ ስለሆነ ጠቡ ብዙም አልቆየ።

ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ እንጨት ለቅሞ ማንደድ አይታሰብም። የመንዝ ሰው ቦታውን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ድሮ ቄሮ በሚባል የራሱ የጥበቃ ሥርዓት ነበር፤ ሣሩ እንኳ የሚታጨደው ሲፈቀድ ነው። እንግዳ ሆኖ ሄዶ ቅርንጫፍ መስበር ነውር ነው። ስለዚህ የያዛችሁትን ይዛችሁ ነው የምታድሩት።

የመርካቶውን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተውነው። የእኔውን ማጥፊያውን አጥፍቼ፣ አማቴ በሰጡን ዝተት ጠቅልዬ በልጆቹ መካከል አስቀመጥኩት። ስንሄድ እንዴት እንደምንይዘው ለእማዬ፣ ለአማቴ ማለቴ ነው፣ ቀድሜ አሳይቻቸው ነበር። አይተው "ምነው ልጄ፣ ይሄ አራስ ነው እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ። ዝተት ሙቀት አያመነጭም፤ ያለውን ነው የሚይዝ። ለዚህ ነው ከሰው መካከል ያስገባሁት።

ጠዋት ድስቱ ውስጥ የተረፈው ውሃ ላይ ስስ በረዶ ነበር። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ገና አልወጡም። ሶላሩን ዘርግቼ መጀመሪያ የመርካቶውን ሰካሁ። ስክሪኑ ብልጭ ድርግም እያለ አንድ የማላውቀው ምልክት አሳየኝ፤ አልሞላም አለ። በእርግጥ ይሄ ጥፋቱ አይደለም። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ሆኖ ከተሞላ ውስጡ ይበላሻል፤ መከልከሉ ደግ ሥራ ነው። ግን ምን እንደሆነ በሰው ቋንቋ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ፀሐይ እስክታሞቀው 4 ሰዓት ሆነ። የእኔው ከዝተት ወጥቶ ወዲያው መሙላት ጀመረ።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ብርድ ባትሪን ይጎዳል እንጂ ሶላርን ይጠቅማል። ሰሌዳው ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ከፍ ይላል። የእኔ ሶላር 100 ዋት ነው፤ ቤት ጣሪያ ላይ እኩለ ቀን 75 አካባቢ የሚሰጠኝ፣ ጓሳ ላይ በጠራ ሰማይ 85 አሳይቶኛል። ፊቱ ወደ ደቡብ ይሁን፣ ትንሽ ዘንበል ይበል፣ አቧራው ይጠረግ። ሌላ ሚስጥር የለውም። ከባዶ ለመሙላት አንድ ተኩል ቀን የጠራ ፀሐይ ይፈልጋል።

የራሴም ሳጥን ጥፋት አለበት፤ እሱን ካልተናገርኩ አያምርብኝም። ኢንቨርተሩ ማራገቢያ አለው። ቤት ውስጥ አይሰማም፤ በጓሳ ጸጥታ ግን እንደ ወፍጮ ቤት ነው። ደግሞ ምንም ሳይሰካበት ብቻውን 8 ዋት ይበላል። በሁለተኛው ሌሊት ረስቼ ሳላጠፋው አደርኩ። በ12 ሰዓት 96 ዋት-ሰዓት፤ ከሰባት አንድ እጁን በከንቱ ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ አምፖሉንም የስልኩንም ቻርጀር ቀጥታ በ12 ቮልት ነው የማገናኘው፤ የመኪና ዕቃ ማለት ነው። ኢንቨርተሩ የሚነሳው ላፕቶፕ ሲመጣ ብቻ ነው።

ከጓሳ ወደ እማዬ ቤት ወርደን አምፖሉን ሳሎን ላይ ሰቀልነው። ሰው ሊያየው መጣ። ጥያቄው ሁሉ አንድ ነው፤ "ምጣድ ያስነሳል?" አያስነሳም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ነው የሚበላው። 3,500 ብንል፣ ኢንቨርተሩ ቢችለው እንኳ ሳጥኑ በ11 ደቂቃ ባዶ ይሆናል። ምጣዱ ሳይግል። ካውያም፣ ስቶቭም እንደዚያው ነው። እማዬ ሰምተው ሰምተው "እንግዲያው ለወሬ ነው የሠራሽው" አሉኝ። ማታ ግን ሲፈትሉ ያመሹት በእሱ ነው።

ሚያዝያ ላይ የመርካቶው ሳጥን ባለ 220ው ሶኬት ሞተ። ስድስት ወር እንኳ አልሞላውም። ወደ ገዛሁበት ሱቅ ይዤ ወረድኩ፤ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አሉኝ፤ ወረቀቱ ላይም ጽፈውታል። ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ሴሎቹ እርስ በርስ ተበይደዋል፣ ሰሌዳው በነጭ ሙጫ ተሞልቷል። አባቴ ቢኖር "ይሄ እንዲጠገን ሳይሆን እንዲጣል የተሠራ ነው" ይል ነበር። የስልክ ማስገቢያው አሁንም ይሠራል፤ ልጄ ፓወር ባንክ አድርጎታል።

ክረምት ሲገባ ሁለቱንም እኩል አደረጋቸው። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከቤታችን ሳይነሳ የሚውልበት ቀን አለ። ሶላሩ 10 ዋት፣ 15 ዋት እያለ ያለቅሳል። ያኔ መብራት ሲመጣ ከግድግዳ ነው የምሞላው። "በሶላር ብቻ" የሚላችሁ ሰው ካለ በሐምሌ ደብረ ብርሃን ይምጣ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለመርካቶው ከአስር አምስት። ሶኬቱ ባይሞት ሰባት ነበር። ለራሴው ስምንት፤ ሁለቱን ማራገቢያውና ክብደቱ ወስደውታል። ቴስተር ይዞ የማያውቅ ሰው ግን የእኔን አይቶ ብቻውን እንዳይጀምር፤ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ይቁም። ካቻቢቴዬን ላሳየው እችላለሁ።

ጋሼ አናጢው አሁን ለራሳቸው አንድ እንድሠራላቸው ይፈልጋሉ። ሳጥኑን ጨርሰው፣ እጀታውን ሰፍተው፣ ቫርኒሽ ቀብተው ትናንት አመጡት። ሴሉን ገና አልገዙም። "መጀመሪያ ማደሪያው ይሁን፣ ባትሪው ይደርሳል" ነው የሚሉት።