ፍሎረንስ ሥዕል ለምትማሩ፦ ወደ አገር ቤት ስትመለሱ እኚህን አባት እንዳታልፏቸው

ሰላም ናችሁ? ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ሆኜ ነው። ሳጥኑ ትናንት ገባ። ሥዕሎቼ በሙሉ ደህና ናቸው፤ አንዱም አልተጫረ፣ አንዱም አልተቀደደ። እናቴ እልል አለች፣ እኔ አለቀስኩ። ያሸጉልኝን አንድ የፍሎረንስ አባት በአደባባይ ካላመሰገንኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ፍሎረንስ ትምህርቴን ጨርሼ ለመመለስ ስሰናዳ ያየሁትን አበሳ ለጠላቴም አልመኝም። ከተማውን እየዞርኩ ልሰናበት ያሰብኩባቸው የመጨረሻ ሳምንታት በዕቃ ላኪዎች ደጅ ጥናት አለቁ። አንዱ ጋ ስደውል ወደ አፍሪካ አንልክም ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ሌላው ቤት ድረስ መጥቶ ዋጋ ነገረኝ፣ ማታውን ዋጋው እጥፍ ሆነ። አንድ የኛው ሰው ደግሞ «እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሻል» ብሎ ቀብድ ተቀበለኝና ስልኩን አጠፋ። ስሙን አልጠራም፣ ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሥዕል ማሸግ ያውቁበታል ተብዬ የሄድኩበት ቦታ ነው። ሠራተኛው ሥዕሉን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ያን በጣት ሲጫኑት ጧ ጧ የሚል ፕላስቲክ በቀጥታ ቀለሙ ላይ ጠቀለለው። የዘይት ቀለም ነው፣ ገና አልደረቀም ብዬ ብለምነው «ሥራዬን አታስተምሪኝ» አለኝ። የተጠቀለለችው እናቴ ናት። ነጠላዋን ተከናንባ የሳልኳት፣ የመመረቂያ ሥራዬ። ተሸክሜያት ወጣሁና መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ ነው አንዲት የክፍሌ ልጅ እጄን ይዛ ወደ እኚህ አባት የወሰደችኝ። ኦልትራርኖ ናቸው፣ ከአርኖ ወንዝ ማዶ፣ የእጅ ባለሙያዎቹ ሰፈር። ፍሬም ይሠራሉ፣ ሥዕል ያሽጋሉ። ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ከቁመቴ በላይ መስመር ተሰምሯል። በፈረንጆቹ 1966 ኖቬምበር 4 ወንዙ ሞልቶ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ ውሃው የደረሰበት ነው። ያኔ ሱቁ የአባታቸው ነበር፣ እሳቸው ልጅ ነበሩ። ጭቃ የጠጣ ሥዕልና ፍሬም እያዩ ነው ያደጉት።

ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «እርጥብ ነው» አሉ፤ አንድም ነገር ሳልነግራቸው! ከዚያ ፕላስቲኩን ከአንድ ጥግ ጀመሩ። በግራ እጃቸው ሸራውን ከሥር ደግፈው፣ በቀኛቸው ትንሽ እየላጡ፣ እየቆሙ፣ ደግሞ ትንሽ እየላጡ። እኔ ማየት አቅቶኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሲጨርሱ ጠሩኝ። ነጠላዋ ላይ ክብ ክብ ምልክት ወጥቷል፣ ፊቷና ጥለቷ ግን ምንም አልሆኑም። መብራት አብርተው ወንበር ሰጡኝና «ቀለሙ ሳይደርቅ አሁኑኑ አስተካክዪው» አሉኝ። መዝጊያ ሰዓታቸው አልፎ እስክጨርስ ድረስ አጠገቤ ዝም ብለው እንጨት ሲልጉ አመሹ።

ስወጣ «ለመሆኑ ከተማውን ተሰናብተሻል?» ብለው ጠየቁኝ። የት ጊዜ አግኝቼ አልኳቸው። «በይ ሂጂ፣ ይሄን ለኔ ተዪው። እስከ ዓርብ እዚህ እንዳላይሽ» አሉኝ። ይህች ንግግራቸው ነች ይህን ሁሉ የምታስጽፈኝ። የሥዕሎቼን ነገር አምኜ ለሰው ጥዬ በነጻነት የሄድኩት ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ ሳን ማርኮ ገዳም ሄድኩ። አዲስ አበባ «አለ» የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እያለሁ በመጽሐፍ ብቻ የማውቀው፣ መነኩሴው ሠዓሊ ፍራ አንጀሊኮ የሳለው የማርያም ብሥራት ደረጃው አናት ላይ ነው ያለው። መነኮሳቱ ይኖሩባቸው የነበሩት ክፍሎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ግድግዳቸው ላይ ሥዕል አላቸው፣ እዚያ ገብቶ ለሚጸልየው ለአንድ ሰው ብቻ የተሳለ። በፈረንጆቹ 1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፍሎረንስ ገብተው ነበር፤ እነዚህ ክፍሎች የተሳሉት በነዚያው ዓመታት ነው። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ እዚያ ስገባ ባዕድነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ካርሚነ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ሠዓሊው ማዛቾ ግድግዳው ላይ የሳላትን ሔዋን ተሰናበትኳት። ከገነት ስትወጣ አፏን ከፍታ የምታለቅሰዋን። ማዛቾ ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ነው የሞተው። ገበያው አጠገብ ላምፕሬዶቶ በላሁ፣ ከላም ጨጓራ የሚሠራ ሳንዱች ነው፣ የዱለት አምሮቴን ያስታገሰልኝ እሱ ነው። ኦብላተ ቤተ መጻሕፍት ላይኛው ፎቅ ካፌ ማኪያቶ ይዤ የካቴድራሉን ጉልላት አየሁ፤ ስንት ፈተና አጥንቼበታለሁ።

ሳንታ ትሪኒታ ድልድይ ላይ ግን ብዙ ቆየሁ። ጀርመኖች በፈረንጆቹ 1944 አፈንድተውት ነበር። የከተማው ሰው ድንጋዩን ከወንዙ ውስጥ እያወጣ በ1958 እንደነበረው መልሶ አቆመው። ጥግ ላይ ካሉት ሐውልቶች የአንዷ ጭንቅላት ጠፍቶ በ1961 ነው ወንዙ ውስጥ የተገኘው። ያቺን ሐውልት ስንት ጊዜ ነድፌያታለሁ! አንገቷን የዞረውን ስንጥቅ እያየሁ አለቀስኩ፣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ረስቼ።

ዓርብ ስመለስ ሳጥኑ አልቋል። ለእያንዳንዱ ሥዕል የየራሱ ቦታ ተሠርቶለታል፣ የእናቴ ፊት ምንም ነገር አይነካውም። እንጨቱ ላይ የስንዴ ዛላ የመሰለ ምልክት ታትሟል። ያ ከሌለ ጉምሩክ ሊመልሰው ይችላል አሉኝ፣ ለምን እንደሆነ አስረድተውኝ ነበር፣ አልገባኝም። ሥዕሎቹ የራሴ ሥራ መሆናቸውን የሚገልጸውን ወረቀትም ያስሞሉኝ እሳቸው ናቸው። የጠየቁኝ ገንዘብ ከሁሉም ያነሰ ነው። ያን ማታ ላመሹበት ደግሞ ሳንቲም አልጠየቁኝም። እናቴ በቪዲዮ አይታቸው «እጅዎ ይባረክ፣ ክፉ አይንካዎ» እያለች በአማርኛ መረቀቻቸው። ምንም ሳይገባቸው ጎንበስ ብለው አሜን አሉ።

ጣሊያን ያላችሁ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች፣ እባካችሁ፣ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። እንደኔ ተንከራታችሁ የመጨረሻ ቀናችሁን አታቃጥሉ። ሱቃቸው ከሳንቶ ስፒሪቶ አደባባይ ጀርባ ነው፣ በሩ ላይ ጽሑፍ የለም። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እሰጣለሁ። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ጣሊያንኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ኦገስት እንደ ብዙው የከተማው ሱቅ ዝግ ናቸው፣ በዚያ ሰሞን የምትመለሱ ቀደም ብላችሁ ንገሯቸው። ሥዕላችሁንም ማንም ሳይጠቀልለው እንዳለ ውሰዱላቸው።