ሙሺሂሜሳማ፦ ጀማሪን የማያባርር የጥይት ናዳ

የቡሌት ሄል፣ ማለትም እንደ ናዳ ከሚወርድ ጥይት እየሸሹ የሚተኩሱበት ጌም፣ ቪዲዮ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ይሄን ደግሞ ማን ይችለዋል?» ነው። ስክሪኑ በሮዝና በሐምራዊ ጥይት ይጥለቀለቃል፣ መሃል ላይ አንዲት ትንሽዬ ነገር ትሹለከለካለች፣ እና አትሞትም። እኔ ፕሌስቴሽን ቤት ኳስ ስጫወት ያደግኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነክቼ አላውቅም። ሙሺሂሜሳማ ግን ያዘኝ።

ጌሙ የቆየ ነው። ኬቭ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ2004 እ.ኤ.አ. ለአርኬድ ማሽን (ጌም ቤት ሳንቲም እየከተቱ ለሚጫወቱበት) የሠራው ሲሆን፣ በ2015 ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ፣ በ2021 ደግሞ ኒንቴንዶ ስዊች ላይ ወጣ። ኬቭን ያቋቋሙት ቶአፕላን የሚባለው ኩባንያ ሲከስር ከዚያ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ይህን የጌም ዓይነት መልክ ካስያዙት መካከል ግንባር ቀደም ናቸው። ታሪኩ? ሬኮ የምትባል ልዕልት ወርቃማ ጢንዚዛ ላይ ተቀምጣ ጫካውን ታቋርጣለች፣ ግዙፍ ነፍሳት ይመጡባታል። በቃ። ለታሪኩ ብሎ የሚገዛው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለጀማሪ ወሳኙ ኖቪስ የሚባለው ቀላሉ የጨዋታ ምርጫ ነው። ጥይቱ ይቀንሳል፣ ግን ውበቱ አይጠፋም፤ አሁንም አበባ እየመሰለ ይፈነዳል፣ እናንተ ግን የምታልፉበት መንገድ ይታያችኋል። ከዚያ በላይ የገረመኝ ሌላ ነገር አለ። ጥይት የጢንዚዛዋን ክንፍ ቢነካ ምንም አይሆንም! የምትሞቱት መሃል ላይ ያለችው ኢምንት ነጥብ ስትመታ ብቻ ነው። ክንፉ ላይ ሮዝ ጥይት ሲያልፍ እያያችሁ በሕይወት መቀጠል መጀመሪያ ማጭበርበር ይመስላል፣ ቀስ እያለ ግን ዓይናችሁ ክንፉን ትቶ መሃሉን ብቻ መከተል ይጀምራል። መርካቶ በገበያ ቀን እንደ መሄድ ነው፤ የሚመጣውን ሰው ሁሉ አታዩም፣ የምታዩት ክፍተቷን ነው።

ሌላም እርዳታ አለ። የመተኮሻውን በተን ይዛችሁ ስትቆዩ ሬኮ ትዘገያለች፣ ጠባብ ቦታ ለመሹለክ ይመቻል። ጥይቱ በጣም ሲበዛ ደግሞ ጌሙ ራሱ ቀስ ይላል። ላፕቶፓችሁ የተጨናነቀ እንዳይመስላችሁ፣ ከአርኬዱ ጀምሮ ያለ ጠባይ ነው፣ ለማሰቢያ ጊዜ ይሰጣችኋል። ከሞታችሁም ወደ ኋላ አይመልሳችሁም፣ እዚያው ትነሳላችሁ። ቦምቡን ደግሞ አትቆጥቡት፤ ጭንቅ ሲሆን ተጫኑት፣ ስክሪኑ ይጸዳል። ቦምብ በኪስ ይዞ መሞትን የመሰለ የሚያናድድ ነገር የለም።

የማልወደው? ሕይወት ሲያልቅባችሁ «ቀጥል» ብላችሁ መሄድ ስለምትችሉ፣ ምንም ሳትማሩ አምስቱንም ስቴጅ ጨርሳችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ጠቅላላው ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያን ጊዜ «ለዚህ ነው ገንዘቤ የወጣው?» ማለታችሁ አይቀርም። ስለዚህ ለራሳችሁ ሕግ አውጡ፦ ሕይወታችሁ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ጀምሩ። እውነተኛው ጌም እዚያ ነው ያለው፤ ትናንት የገደላችሁን ቦስ (የስቴጁ መጨረሻ ላይ የሚጠብቃችሁን ትልቅ ጠላት) ዛሬ ምንም ሳይመስላችሁ ስታልፉት ደስታው ሌላ ነው። ነጥብ አያያዙን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳችሁ የለም፣ እኔ ትቼዋለሁ። ጌሙም ቁመቱ ለሚረዝም የአርኬድ ስክሪን የተሠራ ስለሆነ ላፕቶፕ ላይ ግራና ቀኙ ለጨዋታው አይውልም።

ዋጋው ስቲም ላይ ወደ 20 ዶላር ነው። ለግማሽ ሰዓት ጌም ውድ ሊመስል ይችላል፣ ቅናሽ ሲመጣ ብትገዙት ይሻላል። አገር ቤት ላለ ሰው ውጭ አገር መክፈል የሚችል ካርድ ማግኘት ራሱ ከቦሱ ይከብዳል፤ ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ በስጦታ ይላክላችሁ። ኮምፒውተሩ ግን ብዙ አያሳስባችሁም፣ ከባድ ጌም አይደለም።

ኖቪስ ሲቀላችሁ ወደ ኖርማል እለፉ። እዚያ ኦሪጅናል የሚለው ጥይቱ ጥቂት ግን ፈጣን ነው፣ ማኒያክ ብዙ ግን ዘገምተኛ። እኔ ማኒያክ ይሻለኛል፣ ቢያንስ የሚገድለኝን አስቀድሜ አየዋለሁ። አልትራ የሚባለውን ግን ለጊዜው ሌላ ሰው ሲጫወተው ብታዩ ይበቃል።