ዳገት ላይ መንገድ ለማውጣት፦ ርካሿ አዲስ ባለ 1 ቶን ወይስ ያገለገለው ባለ 3.5 ቶን?

«ዳገት ላይ መሬት አለኝ፣ መኪና የሚገባበት መንገድ ላወጣለት ነው፣ የትኛዋን ትንሽ ኤክስካቫተር (መቆፈሪያ ማሽን) ልግዛ?» ወዳጆቼ ይህን እየተፈራረቁ ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ የሚመጡት የአንዲት አዲስ ባለ 1 ቶን ማሽን (ቶኑ የማሽኑ ክብደት ነው) ፎቶ ስልካቸው ላይ ይዘው ነው። ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ ዋጋዋ ልብ ይሰርቃል። መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ መንገዱ መኪና የሚያልፍበት ከሆነ እሷን ተዉአት። በደንብ የተያዘ፣ ያገለገለ ባለ 3.5 ቶን የጃፓን ማሽን ፈልጉ። ኩቦታ፣ ያንማር፣ ታኬውቺ፣ ከእነዚህ አንዱ ይሁን። ዋናው ምክንያቴም ዋጋ ነው።

ያገለገለው ባለ 3.5 ቶን ከርካሿ አዲስ ማሽን ሁለት ሦስት እጥፍ ሊጠየቅበት ይችላል፣ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። ግን ዋጋውን በሚነሳው አፈር አካፍሉት። መንገዱ 2.5 ሜትር ይስፋ፣ መሬቱ በየ10 ሜትሩ 5 ሜትር የሚወጣ ዳገት ይሁን። መንገዱ ሙሉ በሙሉ ባልተነካ መሬት ላይ እንዲያርፍ ከተቆረጠ በዳገቱ በኩል 1.25 ሜትር ግድግዳ ይወጣል። በ100 ሜትር ርዝመት ወደ 156 ሜትር ኩብ አፈር ማለት ነው። ግድግዳው እንዳይናድ ጋደም ሲደረግና የተቆፈረው አፈር ሲያብጥ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የባለ 1 ቶኗ ባኬት (መዛቂያው) 0.025 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፣ የባለ 3.5 ቶኑ 0.1 አካባቢ። አንዷ ከ6,200 ጊዜ በላይ ዛቅ አድርጋ ትዞራለች፣ ሌላው 1,560 ጊዜ ገደማ። ይህ ሁሉ አፈሩ ለስላሳ ከሆነ ነው። ሥርና ድንጋይ ሲመጣ ትንሿ ራሷ ትነሳለች እንጂ ድንጋዩ አይነሳም።

እዚህ ላይ የኦፕሬተሩን ቀን፣ ናፍጣውን፣ የፒኑን (የመገጣጠሚያ ብረቱን) እና የሰንሰለቱን ማለቅ ጨምሩበት። ከዚያ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ የምትሸጡበትን ዋጋ ቀንሱ። ስም ያለው ማሽን ካገለገለም በኋላ ገዢ አያጣም። ስሟን ማንም የማያውቃት ማሽን ግን መለዋወጫዋን ማን እንደሚያመጣ የሚጠይቅ ገዢ ነው የሚገጥማት፣ ጥያቄውም ልክ ነው። እኔ ሁለቱን የማወዳድረው በተገዙበትና በሚሸጡበት መካከል ባለው ልዩነት ነው፣ እዚያ ላይ ርካሽነቷ ይጠፋል።

ስለ ጥገና ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው በዚህ በኩል ነው። ሻጮች የርካሿን ማሽን ሞተር ስም ጮክ አድርገው ይናገራሉ። እውነተኛ ሞተር የተገጠመላቸው አሉ፣ ስሙ ብቻ የተለጠፈባቸው ቅጂዎችም አሉ። ስለዚህ ተለጣፊውን ሳይሆን የሞተሩ አካል (ብሎኩ) ላይ የተመታውን ቁጥር አይታችሁ አጣሩ። ሞተሩ ኦሪጅናል ቢሆን እንኳ መከራው ያለው ከሞተሩ በኋላ ነው። አንድ የቅርብ ወዳጄ እንዲህ ያለች ማሽን ገዝቶ የአንድ ጎን መራመጃ ሞተሯ ተበላሸ። የሸጠለት ሰው የላከው ዕቃ አልገጠመም፤ ፋብሪካው በየጊዜው ያገኘውን ዕቃ ስለሚገጥም የአንዱ ዙር ምርት ለሌላው አይሆንም። መለኪያ ይዞ፣ ፎቶ እያነሳ፣ በመጨረሻ የሌላ ማሽን ሞተር አስተካክሎ አስገጠመ። እስከዚያ ማሽኗ በግማሽ የተቆረጠ መንገድ ላይ ቆማ ዝናብ መጣ፣ የቆረጠው ግድግዳም ተናደ።

ፒኖቹን ደግሞ እዩ። ርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ ወፍራም ቡሽ (ፒኑ የሚገባበት ቀለበት) የለም፣ ፒኑ በቀጥታ ብረት ላይ ይፋጫል። ቀዳዳው እየሰፋ ሞላላ ይሆንና በብየዳ ተሞልቶ እንደገና መበሳት አለበት። የሃይድሮሊክ ዘይት ማቀዝቀዣ የሌላቸውም አሉ። ጠዋት ደህና ይቆፍራሉ፣ ከሰዓት ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ጉልበታቸው ይወርዳል፣ ፓራኦሊም (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ቶሎ ይሄዳል።

የጎማ ሰንሰለት ላይ ለሁለቱም ማሽን ገዢዎች አንድ ነገር ልናገር። ቅጂው ከውጭ ሲያዩት ከኦሪጅናሉ አይለይም። ልዩነቱ ውስጥ ነው፤ ጥሩው ሰንሰለት ውስጥ ያለው የብረት ገመድ ሳይቆረጥ ዙሪያውን የተጠመጠመ ነው፣ ርካሹ ደግሞ ጫፍና ጫፉ የተደራረበ መጋጠሚያ አለው፣ የሚበጠሰውም እዚያው ነው። ሜዳ ላይ ቢበጠስ ትለውጡታላችሁ። ተዳፋት ላይ ቢበጠስ ግን ማሽኑን መያዣ የላችሁም። ስለዚህ ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ሰንሰለቱ ያለቀ ከሆነ የኦሪጅናል ጥንድ ዋጋ ጠይቁና ከማሽኑ ዋጋ ላይ አስቀንሱ። «አዲስ ሰንሰለት ገጥሜበታለሁ» የሚል ሻጭ ካለም የማን ሥራ እንደሆነ ጠይቁት። ሹል ድንጋይ የበዛበት መሬት ከሆነ የብረት ሰንሰለት ይሻላል፣ ጎማውን ድንጋዩ ይቆራርጠዋል።

ጅራቱም፣ ማለትም ሲዞር የሚወጣው የማሽኑ ኋላ፣ ዋጋ አለው። ተዳፋት ላይ እርከን ቆርጣችሁ ስትሠሩ ግድግዳው ከጎናችሁ ነው። አፈሩን ወደ ቁልቁለቱ ለመድፋት ስትዞሩ ኋላው ወጣ ያለ ማሽን ግድግዳውን ይመታል። ጅራቱ ከሰንሰለቱ ስፋት የማይወጣው ዓይነት ይህ ችግር የለበትም፣ ለዚህ ሥራ እሱን እመርጣለሁ። ኪሳራም አለው፤ ሚዛን መጠበቂያው ክብደት ወደ መሃል ስለሚጠጋ በጎን በኩል ከባድ ድንጋይ ሲያነሳ ቶሎ ሚዛኑን ይስታል። ሞተሩም ተጣቦ ስለተቀመጠ መካኒኩ እጁን ለማስገባት ብዙ ይፈታል፣ ያም የእጅ ዋጋ ነው።

የባለ 1 ቶኗ ስፋት 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የባለ 3.5 ቶኑ ከ1.5 ሜትር ይበልጣል። ጠባቧ ማሽን ሙሉ ባኬት ይዛ ወደ ቁልቁለቱ ስትዞር የምታስፈራው ለዚህ ነው። የትኛውም ቢሆን መጀመሪያ ደልዳላ መቆሚያ ቆፍሩለት። ተዳፋቱን በጎን አትሂዱበት። ስትጓዙ ባኬቱን ከመሬት ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ያዙት፣ ቢንሸራተት ቶሎ መሬት ያዙበታል። ቀበቶ እሰሩ። ከመገልበጥ የሚከላከል ጣሪያ የሌለውን ማሽን በነፃ ቢሰጧችሁም ለዳገት አትውሰዱ። ለትንንሽ ኤክስካቫተር መገልበጥ መከላከያ አይኤስኦ 12117 የሚባል መስፈርት አለ፣ ጣሪያው ላይ በተለጠፈው ሳህን ላይ ፈልጉት። አራት ቱቦ ላይ የተጣለ ላሜራ ከፀሐይ ብቻ ነው የሚያድን።

ትንሽ ማሽን ልክ የሚሆንበት ቦታም አለ። የምታወጡት የእግር መንገድ ወይም የጋሪ መተላለፊያ ከሆነ፣ አንድ ሜትር ተኩል እንኳ የማይሰፋ፣ ባለ 3.5 ቶኑ ያለልክ ይቆርጣል፣ መሬቱንም ያቆስላል። ያኔም ቢሆን ባለ 1 ቶኗን ትቼ እግሩን (ሰንሰለቶቹን) ወደ ጎን የሚዘረጋውን ባለ 1.7 ቶን እወስዳለሁ። በር ላይ ወደ 1 ሜትር ይጠባል፣ ሥራ ላይ ወደ 1.25 ይሰፋል። ተጎታች ላይ ጭኖ ማንቀሳቀስም ይቀላል፣ ባለ 3.5 ቶኑ ግን ጠንካራ ጫኝ መኪና ይጠይቃል፣ ያንን ኪራይ ከመጀመሪያው ሂሳብ ውስጥ አስገቡት።

መሬቱ በየ10 ሜትሩ 6 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚወጣ ከሆነ የቆረጣችሁትን አፈር ከታች ደርድራችሁ የመንገዱ ግማሽ ላድርገው አትበሉ። ሙሌቱ አይቆምም። ሙሉ ስፋቱን ከዳገቱ ቁረጡ። ይህ የአፈሩን መጠን በብዙ ይጨምራል፣ የማሽን መጠን ላይ የምጨቀጭቀውም ለዚህ ነው።

ያገለገለ ማሽን ማለት ግን የተገኘውን ማለት አይደለም። ለጃፓን ገበያ ብቻ ተሠርተው በሌላ መንገድ የሚወጡ ማሽኖች አሉ፤ ተከታታይ ቁጥራቸውን የአምራቹ ወኪል መዝገብ ላይ ስለማያገኘው ዕቃ ማዘዝ ይከብዳል። ከመክፈላችሁ በፊት ቁጥሩን ወኪሉ ጋ ይዛችሁ ሂዱ። የሰዓት ቆጣሪውን ለብቻው አትመኑት፣ ይቀየራል። ጥቂት ሰዓት የሚያሳይ ማሽን ፔዳሉና የመሪ እጀታው ልሙጥ ከሆነ አንዱ ይዋሻል። ቡሙን (ዋናውን ክንድ) ዘርግታችሁ አንሱና ሞተሩን አጥፍታችሁ ጠብቁ፣ እየወረደ ከሆነ የሲሊንደር ወይም የቫልቭ ወጪ አለ። በባኬቱና በብሌዱ (አፈር በሚገፋው ሰሌዳ) ማሽኑን ከመሬት አንሱና ሰንሰለቶቹን አሽከርክሩ፣ ፋይናል ድራይቩ (ሰንሰለቱን የሚያሽከረክረው ክፍል) ድምፅ ካለው ወይም ዘይት ካላበው ዋጋውን በደንብ አውርዱ፣ ውድ ዕቃ ነው። ባኬቱን በትንሹ ከመሬት አንስታችሁ አካሉን ግራና ቀኝ ነቅንቁት፣ የማዞሪያው ኩሽኔታ የሚንቋቋ ከሆነ ትታችሁት ሂዱ። ስትደርሱ ሞተሩ ሞቆ ከጠበቃችሁ ደግሞ ሌላ ቀን፣ ሳይነካ አድሮ ሲነሳ ማየት እንደምትፈልጉ ለሻጩ ንገሩት።