ቤዝቦል ሪፈረንስ፦ የፒቸርን የስራ ዘመን ለማየት የሚወዳደረው የለም

ፒቸር (በቤዝቦል ኳስ ወርዋሪውን) የምትከታተሉ ሰዎች ቤዝቦል ሪፈረንስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ድረገጽ ካላያችሁት ብዙ ነገር ቀርቶባችኋል። ነፃ ነው፣ ተመዝገቡ ምናምን የለም፣ የፒቸሩን ስም ብቻ ትጽፋላችሁ ከመጀመሪያ ዓመቱ እስከ መጨረሻው ቁጥሮቹን በየሲዝኑ ዘርግፎ ያወጣላችኋል።

ፒቸሩን ኖላን ራያንን ክፈቱ እስኪ። ከ1966 እስከ 1993 ድረስ 27 ሲዝን፣ በአራት ቡድኖች፦ ሜትስ፣ ኤንጅልስ፣ አስትሮስ፣ ሬንጀርስ። 5,714 ስትራይክአውት (መቺውን በሦስት ስትራይክ ማስወጣት)፣ እስከዛሬ ማንም አልደረሰበትም። ግን እዛው መስመር ላይ 2,795 ዎክ (በአራት የሳቱ ውርወራዎች መቺውን በነፃ ወደ ቤዝ ማሳለፍ) አለ፣ እሱም ሪከርድ ነው! ክሊፕ ብቻ ያየ ሰው 7ቱን ኖሂተሮች (ተጋጣሚው አንድም ሂት ያላገኘባቸውን ጨዋታዎች) ነው የሚያውቀው፣ ሰንጠረዡ ግን አያዳላም ጥሩውንም መጥፎውንም እኩል ያስቀምጠዋል፣ እኔ በጣም የምወድለት ይሄንን ነው።

በተለይ 1987ን እዩልኝ። 8 አሸንፎ 16 ተሸንፏል ይላል፣ ይሄን ብቻ ያየ ሰው በ40 ዓመቱ አለቀለት ነው የሚለው። አይናችሁን ትንሽ ወደ ቀኝ ስታሻግሩ ግን ኢአርኤው (በ9 ኢኒንግ በአማካይ በፒቸሩ የሚቆጠሩበት ነጥቦች፣ ሲያንስ ነው ጥሩ) 2.76፣ ስትራይክአውቱ 270፣ ሁለቱም በደማቁ ተጽፈዋል፣ ደማቅ ማለት በዛ ዓመት ሊጉን መርቷል ማለት ነው። ሰውዬው አሪፍ ወርውሯል ቡድኑ ነው ረን (ነጥብ) ያላስገባለት! በድል ብዛት ብቻ ፒቸር የሚመዝን ሰው ይቺን አንድ መስመር ቢያይ ሀሳቡን ይቀይራል ብዬ አምናለሁ። ለዓመቱ ምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ደግሞ በዛ ሁሉ ዘመን አንዴም አላገኘም፣ ያሳዝናል በእውነት።

ለጀማሪ አህጽሮቶቹ ይበዛሉ፣ በኮምፒውተር ከሆነ ግን ማውሱን የአምዱ ርዕስ ላይ ስታደርጉት ትርጉሙን ያወጣል። ስለ ዋር (WAR፣ ተጫዋቹ ከተራ ተተኪ ይልቅ ለቡድኑ ስንት ድል እንደጨመረ የሚገምት ቁጥር) ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ ፋንግራፍስ የሚባለው ሌላ ድረገጽ ላይ ያለው ቁጥር ከዚህኛው ይለያል፣ ግን አንዱ ተሳስቶ አይደለም። ይሄኛው ፒቸሩ ላይ ከገቡት ረኖች ተነስቶ ነው የሚያሰላው፣ ፋንግራፍስ ግን በዋናነት ስትራይክአውት፣ ዎክና ሆምረን ነው የሚያየው። ስለዚህ ሁለት ፒቸር ስታወዳድሩ ቁጥሮቹን ከአንድ ቦታ ውሰዱ።

የኳሱን ፍጥነትና ሽክርክሪት የምትፈልጉ ከሆነ ወደ ቤዝቦል ሳቫንት ሂዱ፣ እዛ ከ2015 ወዲህ ያለውን የስታትካስት (የኳሱን እንቅስቃሴ የሚለካው ሲስተም) ዳታ ታገኛላችሁ። ስታትሄድ የሚባለው የቤዝቦል ሪፈረንሶች የሚከፈልበት አገልግሎት ደግሞ የብዙ ተጫዋቾችን ቁጥር እያጣራ ለሚፈልግ ሰው ነው፣ የአንድ ፒቸርን ዘመን ለማንበብ ግን ነፃው ከበቂ በላይ ነው።