ለጾመኛ ተማሪ፦ የጀርመን የሰፈር ሱፐርማርኬት እንዴት ነው?

አስር ወር ጀርመን ኖሬ ስመለስ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ቋንቋው ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማውቀው ሱፐርማርኬቱን ነው። የምሬን ነው። ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ማለት ይቻላል እዚያ ነበርኩ፤ ጀርመንኛዬንም ግማሹን የተማርኩት የእቃ ጀርባ ሳነብ ነው። ስለዚህ የምገመግመው እሱን ነው። ስሙን አልጠራም፣ የማማርርበት ነገር አለኝና። ደግሞ በየሰፈሩ ያሉት ርካሽ ሱፐርማርኬቶች ብዙም አይለያዩም። ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ትደርሱበታላችሁ።

አዲስ አበባ ተወልጄ በአስር ዓመቴ ከቤተሰቤ ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባሁ። በ16 ዓመቴ ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስና የጀርመን ፓርላማ (ቡንደስታግ) ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወጪውን በጋራ በሚሸፍኑት የተማሪዎች ልውውጥ አልፌ ሄሰን ውስጥ፣ ከፍራንክፈርት ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ አንድ ቤተሰብ ተቀበለኝ። ከ2023 ክረምት እስከ 2024 ክረምት ማለት ነው። እማዬ ኤርፖርት ላይ ሁለት ነገር ነው ያለችኝ፦ «ጾምሽን እንዳትረሺ» እና «ሰው ቤት ነሽ፣ አታስቸግሪ»። ሁለቱ ምን ያህል እንደሚጋጩ የገባኝ የመጀመሪያው ረቡዕ ማታ ነው።

ጀርመኖች ማታ ማታ ትኩስ ምግብ ብዙም አይሠሩም። ዳቦ፣ አይብ፣ ቋሊማ፣ ቅቤ ጠረጴዛ ላይ ይደረደርና ሁሉም የራሱን እየቆረጠ ይበላል። ያን ዕለት እኔ ዳቦና ኪያር በላሁ። የጀርመን እናቴ ደነገጠች። አመመሽ ወይ፣ አልጣፈጠሽም ወይ፣ ቤትሽ ናፈቀሽ ወይ። ጾም በጀርመንኛ ማስረዳት በመጀመሪያው ሳምንት የሚቻል ነገር አይደለም። ብቻ በነጋታው «የጾም ቀን ምግቤን እኔ ራሴ እገዛለሁ» አልኳት፣ እሷም ቁምሳጥን ውስጥ አንድ መደርደሪያ ባዶ አደረገችልኝ። ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ መደርደሪያ ነው።

በሩ ላይ የመጀመሪያው ፈተና ጋሪው ነው። ጋሪዎቹ በሰንሰለት ተያይዘዋል፤ አንዱን ለማላቀቅ የአንድ ዩሮ ሳንቲም መክተት አለባችሁ፣ ስትመልሱት ሳንቲሙ ይወጣል። እኔ ካርድ ብቻ ይዤ ነበር የሄድኩት። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ ዘይትና ምስር በክንዴ ታቅፌ ስንገዳገድ ያየችኝ አንዲት ሴትዮ ምንም ሳትናገር ከቦርሳዋ የፕላስቲክ ሳንቲም አውጥታ ሰጠችኝ። ለጋሪ ብቻ የሚሆን ሳንቲም አላቸው! እስካሁን ቁልፌ ላይ አለ።

ሁለተኛው ፈተና ካሸሯ ናት። ተቀምጣ ነው የምትሠራው፣ ግን እጇ አይታይም። ቢፕ ቢፕ ቢፕ ቢፕ። ሜሪላንድ እቃችሁን ፌስታል ውስጥ የሚከትላችሁ ሰው አለ፤ እዚህ ማንም አይከትላችሁም፣ ፌስታሉንም ከቤት ይዛችሁ ነው የምትመጡት። እቃው ተራራ ይሠራል፣ ከኋላችሁ ያሉት ሰዎች ዝም ብለው ያዩአችኋል፣ ያ ዝምታ ከስድብ ይብሳል። መፍትሔው ሁሉን መልሶ ጋሪ ውስጥ መጣልና ወደ መስኮቱ ሄዶ በቀስታ ማስተካከል ነው። ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ማንም አልነገረኝም።

ግን ያቺው ካሸር አንድ ነገር አድርጋልኛለች። በጀርመንኛ እንደኛው አንተና እርስዎ አለ። እንግሊዝኛ ውስጥ ስድስት ዓመት ከኖርኩ በኋላ ያንን ልዩነት ረስቼው ነበር። ደረሰኝ ስትሰጠኝ እርስዎ አለችኝ። እኔን! በአስራ ስድስት ዓመቴ! አዲስ አበባ ቢሆን ባለሱቁ «አንቺ ልጅ፣ ዝርዝር አምጪ» ነበር የሚለኝ። ደብዳቤ እንደተጻፈልኝ ሁሉ ቀጥ ብዬ ነው የወጣሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለጾመኛ ጀርመን ገነት ናት፣ ካነበባችሁ። ቢጫ ክብ ውስጥ አረንጓዴ ቅጠል ያላት ቪ ፊደል አለች፤ ከሥሯ ቪጋን (ከእንስሳ የመጣ ነገር የሌለው ማለት ነው) የሚል ከሆነ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንሱ። የአጃ ወተት፣ የአኩሪ አተር እርጎ፣ ያለወተት የተሠራ ቸኮሌት፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ በየዓይነቱ። በ2023 ጥቅምት አካባቢ ሊድል የሚባለው ሱፐርማርኬት የቪጋን ምርቶቹን ዋጋ ከሥጋና ከወተቱ ጋር ሲያስተካክል የኛ ቤት ወሬ ሆኖ ነበር፣ ምክንያቱም የጀርመን አባቴ ጋዜጣ እያነበበ «ያንቺ ምግብ ረከሰልሽ» አለኝ። ወሬ ካነሳን፣ የአጃ ወተቱ ላይ «ወተት» የሚል ቃል አታገኙም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2017 ከእንስሳ ያልመጣ ነገር ወተት ተብሎ አይሸጥም ብሏል፣ ስለዚህ «የአጃ መጠጥ» ነው የሚለው። መጠጥ ስለሆነም የላም ወተት 7 በመቶ ሲቀረጥ እሱ 19 በመቶ ይቀረጣል። ጾመኛ ግብር ከፋይ ሆነ ማለት ነው።

የተታለልኩት «ቬጌታሪሽ» በሚለው ነው። ቪጋንና ቬጌታሪሽ ለኔ አንድ ነበሩ። አንድ አርብ ሽኒትዝል (በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ የሚጠበስ ሥጋ) የሚመስል ነገር ገዝቼ ጠብሼ ግማሹን ከበላሁ በኋላ ጥቅሉን ገልብጬ ሳነብ «የእንቁላል ነጭ» ይላል። የእንቁላል ነጭ! ሥጋ የለውም እንጂ የፍስክ ነው። እማዬ ጋ ደውዬ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ «ሳታውቂ ነው» አለች፣ ከዚያ ደግሞ ሳቀች። አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በዚህ ነው፣ ሁለቱን እቃ ጎን ለጎን በአንድ ዓይነት አረንጓዴ ጥቅል ስለሚደረድሩ። ጄሊ ከረሜላውንም ተጠንቀቁ፣ ብዙው ጄላቲኑ ከአሳማ ነው። ጨው የተነሰነሰበት ቡናማው ዳቦ፣ ብሬትዝል እንኳ አንዳንዱ ውስጥ የአሳማ ስብ ይገባል፤ ዳቦ ጋ የምትሠራውን ልጅ መጠየቅ ነው፣ አይከፋትም።

ቀይ ምስር በግማሽ ኪሎ ጥቅል አለ፣ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ይበስላል። ቢጫ ክክም አለ። በርበሬና ሽሮ እማዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ አስይዛኛለች። እንጀራ ግን ፍራንክፈርት ዋና ባቡር ጣቢያ አካባቢ ካሉት የሀበሻ ሱቆች ነው፤ ያኔ በወር 49 ዩሮ በነበረው የመላ አገሪቱ ትኬት ደርሶ መልሱ ተጨማሪ ሳንቲም አያስወጣኝም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ እንጀራ በጀርባዬ አዝዬ እመለሳለሁ። ባቡሩ ውስጥ ሲሸት ሰው ቀና እያለ ያያል፣ እኔም አብሬ ቀና እያልኩ አያለሁ።

ውሃውን ሳልረሳ። መደርደሪያው ሙሉ ጋዝ ያለው ውሃ ነው፣ ጋዝ የሌለውን ነው ፈልጋችሁ የምታገኙት። አሜሪካኖቹ የልውውጥ ጓደኞቼ ሲያማርሩ እኔ አምቦ ውሃ እንደቀመስኩ ሁሉ ፊቴ በራ። ታዲያ ሃይላንዱን እንዳትጥሉት። አንዴ ብቻ የሚያገለግል እያንዳንዱ የመጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስና ቆርቆሮ 25 ሳንቲም መያዣ ተከፍሎበታል፤ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ያለው ማሽን ውስጥ ስትከቱት ጭርርር ብሎ ይፈጨዋል፣ በመጨረሻ ወረቀት ይሰጣችኋል፣ ወረቀቱን ካሸሯ ከሒሳባችሁ ላይ ትቀንሰዋለች። ልጅ ሆኜ ቆራሌው ሲያልፍ ባዶ ጠርሙስ ይዤ በር ላይ የምሮጠው ትዝ አለኝ። የቤቱ ልጆች ጠርሙስ መመለስ ስለሚሰለቻቸው ሥራውን ለኔ ተዉት፣ ብሩም ለኔ ሆነ። የኪስ ገንዘቤን የደጎመው ማሽኑ ነው ብል አልዋሸሁም።

የመክፈቻ ሰዓቱ ግን ጉድ ነው። እሁድ ዝግ። በዓል ዝግ። የመጀመሪያው እሁድ ዘንቢሌን ይዤ ሄጄ ባዶ ፓርኪንግ ላይ ብቻዬን ቆሜአለሁ፣ ሰው የሞተ ነው የመሰለኝ። ከዚያ የባሰው በነሱ ፋሲካ ነው። የኛ ዐቢይ ጾም መጋቢት 2 ቀን ገባ፤ የነሱ ፋሲካ መጋቢት 22 ዋለ፣ እኔ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ላይ ነኝ። ስቅለት ዝግ፣ እሁድ ዝግ፣ ሰኞም ዝግ። በመሃል ባለችው ቅዳሜ ከተማው በሙሉ ጦርነት የመጣ ይመስል ጋሪ ሞልቶ ይገዛል። መግቢያው ላይ በወርቅ ወረቀት የተጠቀለሉ የቸኮሌት ጥንቸሎች ከወገቤ በላይ ተከምረዋል፣ ጎናቸው ቀለም የተቀባ የተቀቀለ እንቁላል። የጀርመን እናቴ በማግስቱ እንቁላሎቹን ጓሮ ደበቀቻቸውና ፈልጉ ተባልን። ሰባት አገኘሁ፣ ከትንሹ ልጅ የበለጠ። አንዱንም አልበላሁም። ልጁ ቅርጫቴን አይቶ «ታዲያ ለምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ፣ ልክ ነው።

የኛ ፋሲካ ሚያዝያ 27 እሁድ ሲሆን ደግሞ ተራው የኔ ሆነ። እሁድ ሱቅ ስለሌለ ሁሉም ነገር ቅዳሜ መገዛት አለበት። ቤተሰቡን ዶሮ ወጥ ልሠራ ነው ብዬ አስጎምጅቻቸዋለሁ፣ እኔ ደግሞ ብቻዬን ሠርቼ አላውቅም። እማዬ በቪዲዮ ሱፐርማርኬቱ ውስጥ አብራኝ ዞረች። «ያ ነጩ ዶሮ ይፈርስብሻል፣ ሌላ የለም?» ፍሪዘሩ ሥር ዙፐንሁን የሚሉት አለ፣ የሾርባ ዶሮ ማለት ነው፣ እንቁላል ጥላ ያረጀች። ጠንካራ ናት። ወጥ ውስጥ ብትቆይ አትበተንም፣ ዋጋዋም ከሌላው ያነሰ ነው። የሀገር ቤት ዶሮ የናፈቃችሁ እሷን ያዙ። እንቁላሉ ላይ ቁጥር ታትሟል፤ 0 ካለ ኦርጋኒክ፣ 1 ውጭ የምትለቀቅ፣ 2 ቤት ውስጥ የምትውል፣ 3 የሽቦ ሳጥን ውስጥ የምትኖር። ጥቅሉ አስር ነው፣ እኔ የምፈልገው አስራ ሁለት። ሁለት ጥቅል ገዛሁ።

ካሸሯ ስምንት ወር የአጃ መጠጥና ምስር ስትቆጥርልኝ የኖረች ናት። ዶሮ፣ ሃያ እንቁላል፣ ሁለት ጥቅል ቅቤ፣ አይብ በተከታታይ ሲመጡላት ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። «ቤት እንግዳ አለ እንዴ?» አለችኝ። «ፋሲካ ነው» አልኳት። «ፋሲካማ አለፈ» አለችኝ። «የኛ ነገ ነው።» ኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል፣ ማንም ግን አላጉረመረመም። «እንግዲያው መልካም ፋሲካ ይሁንልዎ» አለችና ቢፕ ቢፕ ቀጠለች።

ቁሌቱ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ጎረቤት በር አንኳኩቶ ምን እያቃጠላችሁ ነው ብሏል። ወጡ ትንሽ ጨው በዝቶበታል፣ የጀርመን አባቴ ግን ሦስት ጊዜ ጨምሯል፣ እንባው እየወረደ።

ሰኔ መጨረሻ ሻንጣ ሳዘጋጅ መጨረሻ ላይ አስራ አንድ ሃይላንድ መልሼ ነበር። ወረቀቱን ለካሸሯ መስጠት ረስቼ ኪሴ ውስጥ ቀርቷል፤ ያገኘሁት ሜሪላንድ ልብስ ሳጥብ ነው፣ ጥሩነቱ ከማሽኑ በፊት። 2 ዩሮ ከ75 ይላል። በሀገሩ ሕግ እንዲህ ያለ ወረቀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ ሦስት ዓመት ያገለግላል፣ ስለዚህ እስከ 2027 መጨረሻ ጊዜ አለኝ። ቀለሙ ግን ከአሁኑ እየደበዘዘ ነው፣ ፎቶ አንስቼዋለሁ።